አምስተኛዋ አልፈታም አለች

ደብረ ብርሃንና ጫጫ አካባቢ፣ ሰው ነገሩን ሳያጣራ ሲቸኩል ካዩት አንዲት አባባል ጣል አድርገውበት ያልፋሉ። ሲሰሟት የጥንት ትመስላለች፤ አያት ቅድመ አያት የተናገሯት ነው የምትመስለው። ግን ምንም ጥንት አይደለችም። የተወለደችው ከአንዲት አሮጌ ቮልስ የኋላ ጎማ ሥር ነው። ያስወለዳትም አንዳርጌ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱ ራሱ ነገሩን ሲያነሱበት ባይወድም።

አንዳርጌ በሙያው ጠንቃቃ ነው። ደንበኛ “ባለፈው የለካኸኝ ይበቃል” ቢለው እንኳ፣ “ከበዓል በኋላ እንደነበረ የሚቀር ሰው አለ እንዴ?” ብሎ እንደገና ይለካዋል። ችግሩ ይህ ጥንቃቄው ከሱቁ ደጃፍ አልፎ አያውቅም። በተለይ ከፍሬገነት ጋር ከተዋወቀ ወዲህ እግሩ መሬት አልነካም።

ፍሬገነት የጫጫ ልጅ ናት። አባቷ በልጅነቷ ስላረፉ ያሳደጓት አጎቷ አቶ ይመኑ ናቸው፤ እሺታውም እምቢታውም ያለው በእሳቸው እጅ ነው። አንዳርጌ ሽማግሌ ልኮ፣ አቶ ይመኑ እንደ ወጉ “እናጣራና መልስ እንሰጣችኋለን፤ ለመጪው እሑድ ተመለሱ” ብለው ሸኝተዋቸዋል። አንዳርጌ ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍም ምግብም በቅጡ አላገኘም። እምቢ ቢሉትስ? ያንን ማሰብ አይፈልግም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ጫጫ የሚሄዱት በአንዳርጌ ቮልስ ነው። የኋላ ጎማዎቿ ግን ተላጭተው ልሙጥ ሆነዋል። ደህና ጎማዎች ከነቸርኬያቸው አግኝቷል፤ ቀሪው ሥራ አሮጌዎቹን ፈትቶ እነሱን መግጠም ብቻ ነው። ጎማ ቤት ወስዶ ማስቀየር ሲችል፣ “ትዳር ልይዝ ነው፤ ይህን እንኳ በራሴ ካልሠራሁ ምኑን አባወራ ሆንኩ?” አለና ዓርብ ዕለት ወደ መኪና ዕቃ ነጋዴው ወደ ሙዘይን ሄደ።

ሙዘይን መካከለኛ የምትሆን፣ በባትሪ የምትሠራ የጎማ መፍቻ ከመደርደሪያው አወረደለት። የግድግዳ መሰርሰሪያ ትመስላለች፤ ቁልፏን ሲጫኑት ብሎኑን እየመታች ታሽከረክራለች።

“አልፎ አልፎ ቤትህ ጎማ ለመፍታት ከሆነ ይቺ ትበቃሃለች” አለው። “ክንድም አታዝልም።”

አንዳርጌ ግን ዓይኑ መሬት ላይ የተቀመጠው ግዙፍ መፍቻ ላይ ተተክሏል።

“ያኛውስ?”

“እሱን ተወው፣ የከባድ መኪና ነው።”

“ጉልበቱ ከዚችኛዋ ይበልጣል አይደል?”

“መብለጡማ ይበልጣል። ግን አንተ ለአንድ ቁምጣ ጣቃ ሙሉ ጨርቅ ትገዛለህ?”

“የተረፈው ይጠቀለላል። እሱን ስጠኝ።”

“እሺ፣ የቮልስህ ብሎን ስንት ቁጥር ነው? ጫፉ ላይ የሚገባው ቡሶላ ብሎኑን ልክክ አድርጎ መያዝ አለበት። ከዚህ ጋር ያሉት ሁሉም የትልልቅ ናቸው።”

“ብሎን ብሎን ነው፤ ደግሞ ምን ቁጥር አለው?” አለ ያ ሰው ሲለካ የሚውለው አንዳርጌ። ሙዘይን መክሮ መክሮ ሲደክመው፣ “አላህ ያግዝህ” ብሎ ሸጠለት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዳርጌ መፍቻውን በሁለት እጁ ታቅፎ ወደ ጓሮ ወጣ። ትንሹ ቡሶላ እንኳ ለቮልሷ ብሎን ሰፊ ነው፤ ብሎኗ ውስጡ ትንከላወሳለች። አንዳርጌ ግን በዚህ የሚበገር አልሆነም። የቲማቲም ጣሳ ቆርጦ ክፍተቱ ውስጥ ጠቀጠቀበትና ቁልፉን ተጫነው። መፍቻው ሲያጓራ የሰፈሩ ዶሮዎች አጥር ዘለው ሄዱ፤ ጎረቤቱም ከወዲያ ማዶ “አንዳርጌ፣ መትረየስ ገዛህ እንዴ?” ብሎ ጮኸ። ይሁንና ብሎኖቹ ተፈቱ። አራቱን አንድ በአንድ አውልቆ ኪሱ ከተተ። አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ ጣሳው ተንሸራተተ፤ ግዙፉ መፍቻም የብሎኗን ጠርዝ ሁሉ ልጦ ድቡልቡል አደረጋት። ከዚያ በኋላ ምንም አልይዛት አለ።

በመፍቻም፣ በፒንሳም፣ በመዶሻም ሲታገላት ቆይቶ ላብ ሲያጠምቀው፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆ ወደ ሙዘይን ደወለ። የደብረ ብርሃን ነፋስ እንደ ልማዱ እያፏጨ ስለነበር እየጮኸ ነበር የሚያወራው።

“ሙዘይን! አራቱን በሰላም ፈትቻቸዋለሁ! አምስተኛዋ ናት ያስቸገረችኝ! … አዎ፣ አልፈታም ብላ ሙጭጭ! … ኧረ ቅባትማ ቀባኋት፣ ምንም አልመሰላትም! … መዶሻም አቅምሻታለሁ፣ ጭራሽ ባሰባት! … ምን እስከ ሰኞ? ነገ ሽማግሌ ልልክ አይደል እንዴ! ሽማግሌዎቹ ሳይሄዱ ወይ ትፈታለች፣ ወይ ሰብሬ አወጣትና አዲስ በቦታዋ አስገባለሁ!”

ስልኩን ዘግቶ ቀና ሲል፣ ገርበብ ካለው የቆርቆሮ በር ውጭ አንድ ጋቢ የለበሱ ሰው ቆመው አየ። “እንደምን ዋሉ አባቴ!” አላቸው። ሰውየው አልመለሱለትም። ፊታቸው አመድ መስሎ ትንሽ አዩትና እየተጣደፉ ሄዱ። አንዳርጌ መንገድ የጠፋባቸው መስሎት ወደ ብሎኗ ተመለሰ።

ሰውየው አቶ ይመኑ ነበሩ። እንደ ወጉ የልጁን ጠባይ ከጎረቤት ሊያጣሩ ነው የመጡት። ከዚያ በኋላ ግን ማንን ይጠይቁ? ከራሱ አፍ ሰምተዋል።

እሑድ ሽማግሌዎቹ በሚኒባስ ሄዱ። አንዳርጌ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ፍሬገነት ጋ ደወለ፤ አታነሳም። ደግሞ ደወለ፤ ስልኳ ተዘጋ። ሱሪ ለመስፋት ተቀምጦ አንዱን እግር በሌላው ላይ ሰፋው፤ ተርትሮም ያንኑ ደገመው።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ በላቸው፣ ከኋላቸው ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ትናንት በር ላይ ቆመው ያያቸው ባለ ጋቢው ሰው፣ በመጨረሻም ዓይኗ በለቅሶ የቀላ ፍሬገነት ገቡ። ጋሽ በላቸው ጫጫ ላይ የተባሉትን ሰምተው፣ “ይህን ልጅ ከእናቱ ጡት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አንድም ሚስት የለው! በሉ ሄደን ሴቶቹን እራሳቸውን እንጠይቅ” ብለው ነበር ሁሉንም ይዘው የመጡት። ለአንዳርጌ ግን ይህን የነገረው የለም።

“አጎቷ አቶ ይመኑ ናቸው” አሉት ብቻ።

አቶ ይመኑ ሰላምታም አልሰጡት። “አምስተኛዋ የት አለች?” አሉ።

አንዳርጌ ደነገጠ። የቮልሷን ነገር ሰምተው፣ ሽማግሌ በሚኒባስ ላከብን ብለው የተቀየሙ መሰለው። አንገቱን ደፋ።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ። ጓሮ ናት፤ እስካሁን አልተፈታችም።”

“ጓሮ! በዚህ ብርድ ውጭ ነው ያደረችው?”

“ዘይት አጠጥቼ በጨርቅ ጠቅልያታለሁ። ብርዱን እንደሆነ ለምዳዋለች።”

ፍሬገነት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

“አራቱስ?” አሉ አቶ ይመኑ ወደ አንዳርጌ ቀረብ ብለው። “አራቱን የት ጣልካቸው?”

“ኧረ አልጣልኳቸውም! መልሼ ላስገባቸው አይደል? ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ናቸው።”

አንዳርጌ እጁን ኪሱ ከቶ አራት የጎማ ብሎኖች አወጣና ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

ጋሽ በላቸው አንዱን ብሎን አንስተው አገላብጠው አዩትና ወደ አቶ ይመኑ ዞሩ።

“ይመኑ፣ የመጀመሪያዋ ሚስት ይቺ ናት መሰለኝ።”

ፍሬገነት ሳቋ ሲመጣ መቆም አቅቷት ጨርቅ ክምር ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹም ተከተሏት። ነገሩ ሲገለጥለት አንዳርጌ አልሳቀም፤ ፍሬገነትን ሊያጣት ምን ያህል ተቃርቦ እንደነበር ነው ያሰበው። አቶ ይመኑም አልሳቁም።

“ሰብሬ አወጣትና አዲስ በቦታዋ አስገባለሁ አላልክም?”

“ብሎኗን ነው፣ አባቴ! ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት በመኪናዋ ስለሆነ ነው!”

አቶ ይመኑ ወንበር ስበው ተቀመጡ። “ልጄ ናት” አሉ ቀስ ብለው። “እንደሰማሁት ቢሆን ኖሮ ዛሬም እምቢ፣ ነገም እምቢ ነበር መልሴ። ግን በር ላይ ቆሜ ሰምቼ ከምሄድ፣ ገብቼ መጠየቅ ነበረብኝ።”

አንዳርጌ በእሳቸው ሊቆጣ አልቻለም። ለፍሬገነት እንዲህ የሚሳሱ ሰው መሆናቸውን ሲያይ ጭራሽ ወደዳቸው።

“ለዚህ ሁሉ ያበቃንን መሣሪያ እስቲ እንየው” አሉ ጋሽ በላቸው። አንዳርጌ መፍቻውን ታቅፎ አመጣው። ሽማግሌው አንዴ መፍቻውን፣ አንዴ በእጃቸው የያዟትን ብሎን ተመለከቱ።

“ይህን ስትገዛ ብሎኗን ለክተህ ነበር?”

“አልለካሁም፣ ጋሼ።”

“አንተ? ልብስ ሰፊው?”

አቶ ይመኑ ያኔ ፊታቸው ተፈታ። “እንግዲህ ልጃችንን ሰጥተናል” አሉ። “ግን ይህ መትረየስ እሷ ባለችበት ቤት አያድርም!”

እልልታውን ፍሬገነት ራሷ አቀለጠችው። አንዳርጌ የአቶ ይመኑን ጉልበት ሊስም ተንደረደረ፤ የሽማግሌዎቹን እጅ ሁሉ ሳመ፤ ደስታው አፉን ፈታው።

“ነገ ጠዋት ለሙዘይን እመልስለታለሁ! በመካከለኛዋ ይቀይርልኛል። አልቀይርም ካለም ምን ቸገረኝ፣ ጋሽ በላቸውን ሽማግሌ እልክበታለሁ!”

“ተው አንተ ልጅ!” አሉ ጋሽ በላቸው ብሎኗን መዳፉ ላይ እያስቀመጡለት፤ “የሚፈታውን ሳይለኩ፣ ሽማግሌ አይላኩ!”