እንደ ውሃው የጠሩት አስተዳዳሪ

አንዲት ምላሰኛ ጨው ነጋዴ ነበረች። በመንደሯ የመብራት ምሰሶው የወረዳው አስተዳዳሪ ግቢ ድረስ መጥቶ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው።

አንድ ቀን አስተዳዳሪው በትምህርት ቤቱ የሳይንስ በዓል ላይ የክብር እንግዳ ሆኑ፤ እሷም ለሙከራው የሚሆን ጨው ይዛ መጣች። መምህሩ ከባትሪና ከአምፖል ጋር የተያያዙ ሽቦዎችን የተጣራ ውሃ ውስጥ ነከረ፤ አምፖሉ አልበራም።

«ውሃው እጅግ ንጹህ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አሁን ጨው ስንጨምርበት ግን...» ብሎ ሳይጨርስ አስተዳዳሪው ተነሡ።

«እኔም እንደዚህ ውሃ ንጹህ ነኝ! አይደለህም የሚለኝ ካለ እዚሁ ይናገር!»

ሰዉ ሁሉ አቀረቀረ። ጨው ነጋዴዋ ግን ብድግ አለች።

«ኧረ ማን ደፍሮ፣ ጌታዬ! ቁርጥ ይህንን ውሃ ነዎት። መብራቱ እርስዎ ጋ ከደረሰ ስንት ዓመቱ፤ መች ወደ እኛ አሳለፉት?»