ቀይዋ መኪና ዝም እስክትል

ተረት ተረት ስላችሁ እንደ ልማዳችሁ "የላም በረት" እንዳትሉኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። ያለችው አንዲት ቀይ መኪና ናት። ባለሁለት በር፣ ለመሬት የቀረበች፣ ለእሽቅድምድም የተሠራች። ከውጭ ለሚያያት ታምራለች። ውስጧ ለተቀመጠ ግን ወፍጮ ቤት ናት።

ባለቤቷ ትርሲት ትባላለች፤ አዳማ ውስጥ መድኃኒት ቤት አላት። በየቅዳሜው አባቷን አቶ ይገዙን ለጉልበታቸው ብላ ሶደሬ ፍልውሃ ትወስዳቸዋለች። አቶ ይገዙ ሃያ ዓመት ሙሉ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ቤት ውስጥ ቃል አይወጣቸውም፤ ምሳ ቀረበ ሲባሉ እንኳ ራሳቸውን ነቅንቀው ነው ወደ ማዕዱ የሚጠጉት። ቀይዋ ውስጥ ሲገቡ ግን ከአዳማ እስከ ሶደሬ ከንፈራቸው አያርፍም። ሰዉም "ሹፌር አይደሉ፣ ጎማ ካልዞረ አፋቸው አይፈታም" ይላል። ክፋቱ፣ ጉሮሯቸው ታሞ ድምፃቸው ቀጥኗል፤ ያችኑ ቀጭን ድምፅ ደግሞ የቀይዋ ጩኸት ይውጣታል። ሐኪሙ ትርሲትን ለብቻዋ ጠርቶ "ድምፃቸው ክረምቱን የሚሻገር አይመስለኝም" ብሏታል። ትርሲት ፈራች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ አባቷ የሚሉትን መስማት። ሌላ መኪና ትከራይ የምትሉ ካላችሁ ተረቱን እናንተ አውሩት።

መጀመሪያ የመኪና ወንበርና ምንጣፍ ወደሚሠራው ወደ ታፔሴሪው ኑረዲን ሄደች። ኑረዲን ጎንበስ ብሎ የቀይዋን ወለል በጣቱ መገጣጠሚያ አንኳኳው። ጧ! አለ።

"እህቴ፣ ይኼ ወለል አይደለም፣ ጣሳ ነው" አላት። "ሬንጅ ያለው ንጣፍ እንለጥፍበታለን፤ በላዩ ስፖንጅ፣ በላዩ ምንጣፍ። በሩንም፣ ኋላውንም። ከዚያ የሹክሹክታ መኪና ትሆናለች።"

"በል ጀምርልኝ።"

"ወንበሩ ሳይነሳ? የት ልለጥፈው፣ ራሴ ላይ?"

ወንበሩ ካልተነሳ ንጣፉ አይነጠፍ፣ ንጣፉ ካልተነጠፈ ቀይዋ ዝም አትል፣ ቀይዋ ዝም ካላለች አባት አይሰማ።

እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለው መካኒክ፣ ወደ ቶሎሳ ሄደች። ቶሎሳ ሳቀ። "ወንበር ማንሳት? የአምስት ደቂቃ ሥራ!" አለ። "እግዜር ይስጥህ፣ አንሳዋ" አለችው። ቶሎሳ መሳቁን ተወ። "ብሎኖቹ ባለኮከብ ናቸው፤ ያለኮከብ ቁልፍ አይፈቱም። ቁልፉ ደግሞ የእኔ ነው፣ ግን እኔ ጋ የለም። ባትላሜራው ይዞታል።"

ቁልፉ ካልተለቀቀ ወንበሩ አይነሳ፣ ወንበሩ ካልተነሳ ንጣፉ አይነጠፍ፣ ንጣፉ ካልተነጠፈ ቀይዋ ዝም አትል፣ ቀይዋ ዝም ካላለች አባት አይሰማ።

ባትላሜራው ግደይ የተጨማደደ የመኪና ጎን እያቃና ነበር። መዶሻውን ሳያሳርፍ "ቁልፉ አለ፣ ኪሴ ውስጥ ነው፣ አልሰጥም" አለ።

"ምነው ግደይ?"

"ቶሎሳ የገዛ መኪናውን የጭስ ማውጫ ማርሚታ ሲበይድ ኦክስጅኔን ጨረሰብኝ። የጋዝ ቦምቦላዬ ተሞልቶ ካልመጣ ቁልፉ መያዣ ነው።"

የዚያ ግቢ ሕግ እንዲህ ነው። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም፤ የወሰደ መያዣ ይሰጣል። በዚህ ሕግ ምክንያት የአንዱ መሮ በሌላው ሳጥን ይከርማል፤ ሁሉም የጎረቤቱን ዕቃ በኪሱ ይዞ የራሱን ሲፈልግ ይውላል። እኔ ልናገር፣ ሌብነት ቢሆን ይሻል ነበር፤ ሌባ ቢያንስ በዕቃው ይሠራበታል።

ቦምቦላው ካልመጣ ቁልፉ አይለቀቅ፣ ቁልፉ ካልተለቀቀ ወንበሩ አይነሳ፣ ወንበሩ ካልተነሳ ንጣፉ አይነጠፍ፣ ንጣፉ ካልተነጠፈ ቀይዋ ዝም አትል፣ ቀይዋ ዝም ካላለች አባት አይሰማ።

ቦምቦላው ሞጆ ነው፤ ከተሞላ ሳምንቱ። የሚያመጣው ሽብሩ ነው፤ ሽብሩ ደግሞ ከጋራዡ በር አጠገብ በቆመ አሮጌ ከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ ላቡን እየጠረገ ተቀምጧል። የመኪናው የድሮ ሹፌር ባለፈው ወር አገሩ ገባ፤ በቦታው የተተካው ሽብሩ የለመደው አዲስ አዲሱን መኪና ነው። ማርሹን በገፋ ቁጥር ክርርርር ይላል እንጂ አይገባም።

"እኔማ ሞጆ ደርሼ ለመምጣት አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር" አላት ለትርሲት፤ አሳዘናት። "ማርሹ ግን ጠላኝ። ቶሎሳ የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ ይውረድ ይላል። መቼ ስለው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይላል።"

እንግዲህ ትንፋሽ ሰብስቡ። ማርሹ ካልገባ ከባዱ መኪና አይሄድ፣ ከባዱ መኪና ካልሄደ ቦምቦላው አይመጣ፣ ቦምቦላው ካልመጣ ቁልፉ አይለቀቅ፣ ቁልፉ ካልተለቀቀ ወንበሩ አይነሳ፣ ወንበሩ ካልተነሳ ንጣፉ አይነጠፍ፣ ንጣፉ ካልተነጠፈ ቀይዋ ዝም አትል፣ ቀይዋ ዝም ካላለች አባት አይሰማ።

ደከማችሁ? ትርሲትም ደክሟታል። ሦስት ቀን ተመላለሰች። ሁለት ሳምንት ማለት ሁለት ቅዳሜ ነው፤ ከክረምቱ በፊት የቀሩት ቅዳሜዎች ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በሦስተኛው ቀን አንድ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

አሁን የዚያን ግቢ ሰዎች ጥፋት ልንገራችሁ። ሦስቱንም ቀን አቶ ይገዙ እዚያው ነበሩ። ብቻቸውን ቤት እንዳይውሉ ትርሲት ይዛቸው ትመጣለች። ገና በሩን ሲያልፉ ኑረዲንም፣ ቶሎሳም፣ ግደይም፣ ሽብሩም ብድግ ብለው "ኖር!" ይላሉ። አቶ ይገዙ እጃቸውን አንስተው በእግዜር ይላሉ፤ ማለታቸው የሚታወቀው በከንፈራቸው ነው። ከጥላው ሥር ደህናውን ወንበር ያገኛሉ። ሃያ ዓመት በከባድ መኪና አሰብ የተመላለሰ ሰው ከከባዱ መኪና አሥር እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ሳለ፣ አንድም ሰው "አባባ፣ እስቲ ይችን ማርሽ ይዩልን" አላለም። ሽማግሌ ማዘዝ ነውር ነዋ! ትርሲትም ብትሆን የአባቷን ጉልበት እንጂ የአባቷን እጅ አላሰበችም።

ያን ቀን ሽብሩ እንደገና ገፋው። ክርርርር! አቶ ይገዙ ጥርሱን የታመመ ሰው መሰሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ኑረዲን ሮጦ ውሃ አመጣላቸው። ክርርርር! ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ግደይ ወንበራቸውን ወደ ጥላው ጠጋ አደረገላቸው። ክርርርር! አቶ ይገዙ ተነሱ። ቶሎሳ ትከሻቸውን ይዞ "ኧረ አባባ፣ ይቀመጡ! እኛ እያለን!" አለና መልሶ አስቀመጣቸው።

ትርሲት ከጎማው ላይ ሆና ይህን አየች። "ልቀቋቸው!" ብላ ጮኸች። ጮኻ ስለማታውቅ ሁሉም ለቀቁ።

አቶ ይገዙ ወደ ከባዱ መኪና ሄዱ። ቶሎሳና ግደይ ደግፈው ጋቢናው ላይ አወጧቸው። ፍሪሲዮኑን ረገጡ። አልቸኮሉም። ሁለተኛውን ማርሽ ነካ አድርገው ተዉት፤ ከዚያ አንደኛውን በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት። ምንም ድምፅ አልተሰማም፤ ገባ። ሽብሩ አፉን ከፍቶ አያቸው። "ሁለተኛውን ሰላም ሳትል አንደኛው አያስገባህም" አሉት በጆሮው፤ እሱም የሰማቸው ተጠግቶ ነው።

ማርሹ ገባ፣ ከባዱ መኪና ሄደ። ከባዱ መኪና ሄደ፣ ቦምቦላው መጣ። ቦምቦላው መጣ፣ ቁልፉ ተለቀቀ። ቁልፉ ተለቀቀ፣ ወንበሩ ተነሳ፤ እውነትም አምስት ደቂቃ። ወንበሩ ተነሳ፣ ንጣፉ ተነጠፈ፤ ኑረዲን በትኩስ አየር እያለሰለሰ፣ በሮለር እየተጫነ፣ አንዲት ጥግ ሳያስቀር ለጠፈው። ሲጨርስ በጣቱ መገጣጠሚያ አንኳኳ። ድም አለ። ንጣፉ ተነጠፈ፣ ቀይዋ ዝም አለች።

አባት ግን አልተሰማም።

ቅዳሜ ወደ ሶደሬ ሲወርዱ ቀይዋ ውስጥ የፍሬቻዋ ቀጭ ቀጭ እንኳ ይሰማ ነበር። የአቶ ይገዙ ከንፈር አልተንቀሳቀሰም። መልካሳ ደረሱ፤ ዝም። ትርሲት አላስቻላትም።

"አባዬ፣ ምነው ዛሬ ዝም አልክ?"

"ትሰሚኛለሽ?"

"አዎ! ጥርት አድርጌ ነው የምሰማህ።"

"ጉዱ እሱ ነው" አሉ አቶ ይገዙ። "ያን ሁሉ ቅዳሜ የማወራው፣ ስለማትሰሚኝ ነበር።"

ትርሲት መሪውን ጨበጠች። ያን ንጣፍ በጥፍሯ ቦጭቃ ብታወጣው በወደደች። ይቅርታም ልትጠይቅ አሰበች፤ ምን ብላ እንደምትጠይቅ ግን አጣችው። አቶ ይገዙ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አንቺ ስትወለጂ አሰብ ነበርኩ" አሉ። "የምጠብቀው ወንድ ልጅ ነበር። ሴት ናት ብለው ላኩብኝ። ሌላ ጭነት ጫንኩና አምስት ወር ሳልመጣ ቀረሁ። ለእናትሽ መኪናው ተበላሽቶብኝ ነው አልኳት፤ እሷም አምናኝ ሞተች። መኪናው ደህና ነበር ልጄ። የተበላሸሁት እኔ ነኝ። በየቅዳሜው ይቅር በይኝ ስልሽ ነበር።"

ትርሲት መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አቆመች። እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

"ደግመህ በለው" አለች።

"አልሰማሽኝም እንዴ?"

"ሰምቼሃለሁ አባዬ። ደግመህ በለው።"

ደገሙላት። እኔ ግን ስደግም ስለዋልኩ አልደግምም፤ ተረቴን መልሱልኝ፣ ዳቦውን እናንተ ብሉት።