አንጓች እና የእናቷ የበርበሬ ቅል

ተረት ተረት! «የላም በረት» በሉኝ እንጂ፤ አፋችሁን ምን ዘጋው? እንዲያ ነው። እንግዲህ ላሚቱ በረቷ ትተኛ፣ እናንተም ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ጨዋታ ስለ በርበሬ ነው። ማስነጠስ የሚፈራ ካለ ከአሁኑ ውልቅ ይበል!

ድሮ ድሮ በደጋ አገር ጠጂቱ የምትባል ባለሙያ ነበረች አሉ። የጠጂቱ በርበሬ ወጥ ውስጥ ሲገባ መንገደኛ መንገዱን ይስታል ይባልላት ነበር። ልጇ አንዲት ብቻ ናት፤ ስሟ አንጓች ነው። ጠጂቱ በርበሬ ስታዘጋጅ አንጓችን ከአጠገቧ አትለያትም፤ ቅመሙን ግን አታስነካትም።

«ቀንጥሺ» ትላታለች፤ አንጓች በርበሬውን ትቀነጥሳለች። «ንፊ» ትላታለች፤ ትነፋለች። ማመሱ ላይ ሲደረስ ደግሞ ጭሱ እናትየዋን ያሸንፋታል። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና «ልጄ፣ አሽትቺልኝ፤ ደረሰ?» ትላለች።

«አልደረሰም እማዬ።»

«አሁንስ?»

«አልደረሰም።»

«አሁንስ?»

«ደረሰ!»

ያኔ ምጣዱ ከእሳት ይወርዳል። አንጓች ታዲያ ሁልጊዜ «እማዬ፣ ቅመሙን መቼ ነው የምታሳዪኝ?» ብላ ትጠይቃለች። እናትየዋም «ምን አስቸኮለሽ? እኔ አለሁልሽ አይደል?» ትላታለች።

እናት ሁልጊዜ የምትኖር ይመስላል፣ ልጆቼ።

አንጓች አደገች፤ ተዳረች። ባሏ ቢምረው ደግ ገበሬ ነው፤ አገሩ ግን ከትልቁ ወንዝ ማዶ፣ ሩቅ ቆላ ነው። ከዚያ ሆና እናቷን ማየት አልቻለችም። ጠጂቱ ግን በየዓመቱ አንዲት ቅል በርበሬ በነጋዴ ትልክላታለች። አንጓች ወጥ በሠራች ቁጥር እናቷ ቤት የገባች ያህል ትደሰታለች።

አንድ ዓመት መርዶው ቀድሞ መጣ። ቅሏ ከኋላ ተከተለች።

ነጋዴዎቹ መንገድ ላይ ዘግይተው ኖሮ፣ አንጓች ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ ደረሱባት። «እናትሽ ሳይታመሙ የላኩልሽ ነው» ብለው ቅሏን እጇ ላይ አኖሯት። አንጓች ቅሏን ታቅፋ እንደ ሕፃን እሹሩሩ አለቻት።

ያን በርበሬ ወጥ ውስጥ አልከተተችውም። ከግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ሆድ ሲብሳት ክዳኑን ገለጥ አድርጋ ታሸታለች፤ እናቷ እጇን እያራገፈች ከጓዳ ስትወጣ ይታያታል። ከዚያ ሽታው እንዳያልቅባት ቶሎ ትከድነዋለች።

ቢምረው «አንቺ፣ እንብላው እንጂ! ለታቦት የተሳልሽው ነው እንዴ?» ይላታል።

«እናቴን ነው የምትበላው?» ትለዋለች። እሱም ሽሮውን ይጎርሳል።

የዚያ አገር ገዥ ባላምባራስ ቢያድግልኝ ይባላል። እናቱ ቢያድግልኝ ብላ ስም አወጣችለት፤ ያደገው ግን ሆዱ ነው። አንድ ቀን በበቅሎ ሆኖ በአንጓች ደጅ ሲያልፍ፣ እሷ ቅሏን ገልጣ ኖሮ ሽታው አፍንጫውን ያዘው። በቅሎውን አቆመ።

«ምንድን ነው ይህ የሚሸት?»

«የእናቴ በርበሬ ነው፣ ጌታዬ።»

«አምጪው!»

«ጌታዬ፣ እናቴ ሞታለች። ከሷ የቀረኝ ይህ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለሙት በርበሬ ምን ያደርግላታል?» አለና አሽከሮቹን አዘዘ። ቅሏን ከግድግዳው አውርደው ወሰዷት። ግድግዳው ላይ ችካሉ ብቻውን ቀረ።

አንጓች ወደ ባላምባራስ ግቢ ሄደች። ከእግሩ ወድቃ አለቀሰች። «ሰው ሲያለቅስ እህል አይወርድልኝም፤ አስወጧት!» አለ። አስወጧት።

ሁለተኛ ሄደች። አንድ ገንቦ ማር ተሸክማ እጅ ነሳች። «ማሩን አስቀምጪው» አለ። አስቀመጠች። «በይ እንግዲህ ሂጂ፤ ማሩ ብቻውን እንዳይሆን ቅሏ ታጫውተዋለች» ብሎ ሳቀ። አሽከሮቹም ሳቁ።

ቤቷ ተመልሳ ኩርምት ብላ ስትቀመጥ ጎረቤቷ እትዬ ማንጠግቦሽ መጡ። እትዬ ማንጠግቦሽ ያረጁ፣ ምላሳቸው ግን ያላረጀ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ጅብን ለምነሽ ሥጋ ልታስጥይ ነው?» አሏት። «ጅብ በምን ይያዛል?»

አንጓች አሰበች። «በሆዱ» አለች።

«አወቅሽው» አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሦስተኛ ሄደች። አላለቀሰችም፤ ማርም አልያዘችም። «ጌታዬ፣» አለች፣ «ቅሏ ትንሽ ናት፤ ነገ ታልቃለች። እኔ ጎታ የሚሞላ በርበሬ ልሥራልዎ። ቅሏን ግን ይመልሱልኝ።»

ባላምባራስ ምራቁን ዋጠ። «ሥሪ፤ ትመለስልሻለች» አለ። ቅሏን ከራስጌው አስቀመጣት።

እንዲህ ትበል እንጂ አንጓች ፈርታለች። ቅመም በእጇ ነክታ አታውቅማ! ቢሆንም እዚያው ባላምባራስ ግቢ ውስጥ ጀመረች። በርበሬውን ቀነጠሰች፤ ፀሐይ ላይ አሰጣች። ሙቀጫ ውስጥ ወቀጠችው። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ጤና አዳሙን ጨምራ ደለዘችው፤ ከድና አሳደረችው፤ ደግሞ አሰጣችው። ቅመሙ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። የምትጠይቀው ሰው የለም። ዓይኗን ጨፈነች።

ጥቁር አዝሙዱን ጨመረችና አሸተተች። «አልደረሰም» አለች ለራሷ። ኮረሪማውን ጨመረች፤ አሸተተች። «አልደረሰም።» የደረቀውን በሶብላ በመዳፎቿ መሀል አሽታ በተነችበት። አሸተተች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምን ሆንሽ?» አሏት የግቢው ሴቶች።

«በርበሬው ነው» አለች።

የማመሻው ቀን ደረሰ። አንጓች ባላምባራስ ፊት ቀርባ እጅ ነሳች። «ጌታዬ፣ በርበሬ ሜዳ ላይ ነው የሚታመስ። እዚያ ዛፍ ስር ላምሰው። መንደርተኛው በነፃ ሽታውን ይጠግበዋል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።»

«በነፃ?» አለ ባላምባራስ ብድግ ብሎ። «የኔን ሽታ? በፍጹም! እዚሁ እልፍኜ ውስጥ ታመሽዋለሽ። በሩን ዝጉ! መስኮቱንም ድፈኑ!»

«እንደ ትእዛዝዎ» አለች አንጓች። ነጠላዋን ውኃ ውስጥ ነከረች። አፍና አፍንጫዋን ሸፈነች። እሳቱን ቆሰቆሰች፤ በርበሬውን ምጣዱ ላይ ዘረገፈችው።

በርበሬ ሲታመስ ቤት ውስጥ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ አሽከሮቹ አስነጠሱ። ባላምባራስ «ማንም በር እንዳይከፍት!» አለ። ቀጥሎ ሁሉም ሳሉ። ባላምባራስ «ማንም... በር... እንዳይ...» አለ። በሦስተኛው «በሩን! በሩን!» እያለ በእጁ ግድግዳውን ይዳብስ ጀመር። በሩ ሲከፈት ያ ትልቅ ሰው በአራት እግሩ እየዳኸ ወጣ። በቅሎዎቹ ከሚጠጡበት ገንዳ ውስጥ ጭንቅላቱን ነከረ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበረ። ገበያተኛው ቆሞ አየው። ዓይኑ ቀልቷል፤ እንባው በጢሙ ይወርዳል። አንዲት ሴት «ውይ ባላምባራስ፣ ማን ሞተብዎ?» ብላ ጠየቀች። አገር ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በሄደበት ሁሉ ሕፃናት ሳይቀሩ «ማን ሞተብዎ?» እያሉ ተቀበሉት። ወደ አንጓች መንደር ዝር ሳይል ኖረ። በርበሬው ደግሞ ምጣዱ ላይ ከሰል ሆኖ ቀረ፤ ለሱ አንዲት ቁንጥር አልተረፈችውም።

አንጓች ግን ቅሏን ከራስጌው አንስታ በጭሱ መሀል ወጥታ ሄዳለች።

መንደሯ አጠገብ ካለው ትንሽ ወንዝ ዳር ስትደርስ ተቀመጠች። ክዳኑን ገለጠች። ባዶ ነው። ገለበጠችው፤ ምንም አልወረደም። ያ ሆዳም ድሮ ጨርሶት፣ እሷን ሊያሠራበት ባዶውን አስቀምጦት ኖሯል። አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተች። የቅል ሽታ ብቻ ነው።

«እማዬ!» አለች። ሁለት እጇን ፊቷ ላይ ደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ወዲያው ዓይኗ ተቃጠለ። ያ ሁሉ የደለዘችው በርበሬ ከመዳፏ አልለቀቀም። ዓይኗ ይቃጠል እንጂ አፍንጫዋ ነቃ። አሸተተች። ደግማ አሸተተች። እናቷ ከጓዳ ስትወጣ ታየቻት። ሽታው ቅሏ ውስጥ አልነበረም፤ እጇ ላይ ነበረ።

ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አይተዋት «እቴ፣ ዓይንሽ ሳይጠፋ ታጠቢው እንጂ!» አሏት።

«አይሆንም» አለች አንጓች። ቅሏን ጀርባዋ ላይ አስራ፣ ሁለት እጇን ውኃ እንዳይነካው ወደ ላይ አንስታ ወንዙን ተሻገረች። ሴቶቹ አበደች ብለው ሳቁባት። እሷም ስቃና አልቅሳ ቤቷ ገባች።

ናፍቆቷ አልለቀቃትም፤ እናትን የናፈቀ መቼም አይጠግብ። ግን ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በርበሬ አዘጋጀች። ለቢምረው አቀረበች፤ ለእትዬ ማንጠግቦሽ ሰፈረች፤ ለአራስ ገንፎ ላከች። አልሰሰተችም። ያለቀ እንደሆነ የሚሠራ እጅ አላት።

አያችሁ ልጆቼ፣ ለባላምባራስ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ተባለለት። ለአንጓች ደግሞ «የእናት ሙያ ቀማኛ አይወስደው፣ ሆዳም አይጨርሰው» ተባለላት።

ተረቴን መልሱ አልላችሁም፤ አፌንም በዳቦ አታብሱ። እናት ያላችሁ ግን ተነሱና ወደ ጓዳ ሂዱ።