የሙአዚኑ ሕመም በስንት በር ገባ

የግንቧ በር ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ በሚዘጋባት አንዲት የድሮ ከተማ ሐጂ ጀውሃር የሚባሉ የእህል ነጋዴ ይኖሩ ነበር። ከጆንያ ተሸካሚነት ተነስተው በላባቸው የከበሩ፣ ሳይመዝኑ የማይሸጡ፣ ሳይመዝኑም የማይናገሩ ሰው ነበሩ።

አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሁለት ቤተሰቦች ለሽምግልና ሐጂ ፊት ተቀመጡ። የመስጂዱ ሙአዚን፣ ለሶላት የሚጣራው ነስሩ፣ አእምሮው ታውኮ ነበር። እንቅልፍ አጥቷል፤ ለብቻው ያወራል፤ አዛን ጀምሮ መሐል ላይ ያቋርጣል። አማቱ ሸረፉ ልጃቸውን ዘምዘምን ሊያፋቱ መጥተዋል።

"በዘራቸው ያለ ነው" አሉ ሸረፉ። "አጎቱም እንዲህ ነበር። ደብቀው አጋቡን።"

"ልጄ ደህና ነበር! ሲሕር፣ ድግምት ያሠራችበት እሷ ናት" አሉ የነስሩ እናት እማ ረውዳ።

"እኔ? የማበላው እኔ፣ የማጥበው እኔ!" አለች ዘምዘም።

ሸረፉ የሐጂ ጀውሃር የንግድ ሸሪክ ናቸው። ሐጂ "በዘር ነው" ቢሉ ኒካሑ ይፈርሳል፣ ሽርክናው ይጸናል። "ሲሕር ነው" ቢሉ ዘምዘም ስሟ ጠፍቶ ትባረራለች። አንዱን መርጦ መነሳት ቀላል ነበር።

"እንቅልፉ መቼ ጠፋ?" ብለው ጠየቁ።

"ልጃችን ከሞተ ወዲህ" አለች ዘምዘም።

"ሌሊቱን በምን ያነጋዋል?"

"በጫት።"

"ማን አጽናናው?"

እማ ረውዳ መሬት መሬት አዩ። "ወንድ ልጅ አያለቅስም ብዬ ተቆጣሁት" አሉ።

ሸረፉም ተከተሉ። "እኔም… ልጅህን የገደለው ድህነትህ ነው ብዬዋለሁ።"

"እንግዲህ ስሙኝ" አሉ ሐጂ። "ዘሩን አልክድም፤ አጎቱን አውቃቸው ነበር። የእሳቸው ልጆች ግን ይኸው ገበያችን ላይ በሰላም ይነግዳሉ። ሐዘኑ አለ፤ እንቅልፍ ማጣቱ አለ፤ ጫቱ አለ፤ ምላሳችሁም አለ። ቀደሩ፣ ውሳኔው የአላህ ነው፤ ሰበቡ ግን ብዙ ነው። ያለ ማስረጃ በዘምዘም ላይ ሲሕር ማውራት ደግሞ ቡህታን፣ በሐሰት ስም ማጥፋት ነው። ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ቁርኣንም ቅሩበት፣ አንብቡለት። ጫቱን አርቁለት፤ ይተኛ፤ ሰው አይለየው።"

"እንዲህ ከፈረድክ ሽርክናችን ያበቃል" አሉ ሸረፉ።

"ድርሻህን ነገ ውሰድ። ዘምዘም፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"ቤቴን አልለቅም" አለች።

ሐጂ ጀውሃር ተነሱ። "በብዙ በር የገባን ሕመም በአንድ በር ላስወጣው የሚል ሰው፣ የሚያስወጣው በሽተኛውን ነው።"

ነስሩ ቀስ በቀስ አገገመ። ሕመሙ አንዳንዴ ይመለስበት ነበር፤ ደህና በሆነ ጊዜ ግን የቀትሩን የዙህር አዛን እስከ መጨረሻው ይለው ጀመር።

ታሪኩን የምነግራችሁ እኔም ይህን ነገር ደጋግሜ መዝኜዋለሁ። አንድ ሰበብ ብቻ የምንፈልገው ለበሽተኛው አስበን አይደለም። አንድ ጥፋተኛ ተገኝቶ ሌሎቻችን ነጻ ሆነን ወደየቤታችን እንድንገባ ነው። ሐጂ ጀውሃር ሸሪካቸውን በማጣት ከሰሩ። ያቺ ቤት ግን ሳትፈርስ ቀረች፤ እኔ በበኩሌ ትርፉ የት እንደሆነ አይጠፋኝም።