አረንጓዴዋ ባቡር ለማን ትሁን?

ባቡር እያፏጨ ድሬዳዋ በሚገባበት በአንድ ወቅት፣ ከዚራ ሰፈር አቶ ተካልኝ የሚባሉ የመጫወቻ ባቡር ሰብሳቢ ይኖሩ ነበር። ከተማውን ለቀው የሚሄዱ ግሪኮችና አርመኖች ልጆቻቸው ያደጉባቸውን የቆርቆሮ ሎኮሞቲቮች ለእሳቸው ትተው ይሄዳሉ። እሳቸውም እያንዳንዷን መዳፋቸው ላይ አገላብጠው፣ የጭስ ማውጫዋን ቅርጽና የመንኮራኩሯን ስፋት ዳስሰው የት አገር እንደተሠራች ይናገራሉ። ዓይናቸው ሲደክም እንኳ ጣታቸው አይስትም ነበር።

ከመደርደሪያቸው የጎደለችው አንዲት ባቡር ብቻ ናት፤ በልጅነታቸው ከመንትያ ወንድማቸው ከደርቤ ጋር ይጫወቱባት የነበረችው አረንጓዴ። ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ቤታቸው የገባ ጊዜ ጎርፉ ደርቤንም ባቡሯንም ይዞ ሄደ።

ሲያረጁ ያቺን ባቡር በሕልማቸው ያዩ ጀመር። በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ሐዲድ ሳይኖራት፣ እየተንሳፈፈች ትመጣለች። ደርቤ ከኋላዋ ይሮጣል፤ አፉን ይከፍታል፤ ድምፅ ግን የለም። ሲነቁም ሕልሙ አብሯቸው ይውላል። እያደር ምግብ እምቢ አሉ፤ መናገርም ተዉ።

ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ትልቋ ፈትለወርቅ ነጋዴ ናት። «አባባ ያቺን ባቡር ሳይዙ አይሞቱም» ብላ ያገኘችውን አሮጌ ዕቃ ገዢ ቁራሌ ሁሉ ስትጠይቅ ከረመች። በመጨረሻ ቀፊራ ገበያ፣ ወደ ማቅለጫ ሊጫን ከተዘጋጀ የብረት ክምር ውስጥ፣ ቅርጿ አባቷ እንደሚያወሩላት የሆነ አንዲት ቀይ ሎኮሞቲቭ መዘዘች።

«እህቴ፣ ይቺ እኮ ቆሻሻ ናት» አላት ሻጩ።

«ቆሻሻዬ ትሁን» ብላ የክንዷን የብር አምባር አውልቃ ሰጠችው።

ሁለተኛው አምሳሉ ከአባቱ ጎን እየተቀመጠ ባቡር መለየት የተማረ ነው። «እንዲህ ያለች ባቡር በየአገሩ ሞልታለች፤ ደግሞም ቀይ ናት። አባባን በሰው መጫወቻ አናታልላቸው» አለ። ዘይት በነካ ጨርቅ ቀለሙን ቀስ እያለ ሲያነሣው ከሥር አረንጓዴ ብቅ አለ። ገልብጦ ሆዷን ሲያይ በሚስማር የተጫረች ትንሽ ዓሣ አገኘ፤ ደርቤ እንደጫራት አባታቸው ሁልጊዜ ያወሩላቸው የነበረችው ዓሣ! የፊት መንኮራኩሮቿ ግን የሌላ ባቡር ነበሩ። አምሳሉ አባቱ ለሠርጉ የሰጡትን የእሷኑ ዓይነት ሎኮሞቲቭ ፈትቶ መንኮራኩሮቹን ለእሷ ገጠመላት።

ትንሿ ረድኤት ሰዓት ጠጋኝ ናት። «ታወቀች እንጂ መች ሄደች?» አለች። ባቡሯን የሚያስኬዳት ሞላ ዝጎ ተበጣጥሶ ነበር። ረድኤት ቤት የሟች ባሏ የግድግዳ ሰዓት አለ፤ ባሏ በሕይወት ሳለ እንደሚሞላው እየሞላች ድምፁን ትሰማ ነበር። ያንን ሰዓት አውርዳ ፈታችው፤ ሞላውን አወጣች፤ ቆርጣ ለባቡሯ ሠራችላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቷ ጭር አለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ባቡሯን ሞልተው አባታቸው አልጋ ጠርዝ ላይ ለቀቋት። አቶ ተካልኝ በዚያች ሰዓት በሕልማቸው ከወንዙ አሸዋ ላይ ቆመው ነበር። ባቡሯ እንደወትሮዋ መጣች፤ ዛሬ ግን ትንኳኳለች። ደርቤም ከኋላዋ፣ «ተካ፣ ያዛት!» ሲል ሰሙት። እጃቸውን ዘረጉ። ባቡሯ መዳፋቸው ውስጥ ገብታ ቆመች፤ ጣታቸውም ሆዷ ላይ ያለችውን ዓሣ አገኘ።

«ደርቤ» አሉ። ዓይናቸውን ገልጠው ልጆቻቸውን አዩ፤ «ውሃ ስጡኝ» አሉ።

አገግመው በረንዳ ላይ መቀመጥ ሲጀምሩ ሦስቱንም ጠሩ። «ባቡሮቼ እንዲበታተኑ አልፈልግም። አረንጓዴዋን ለመለሰልኝ ልጄ ሁሉንም አወርሳለሁ። ማነው የመለሳት?»

«እኔ ባላነሣት ቀልጣ ነበር» አለች ፈትለወርቅ።

«እኔ ባለያት የማንም ቀይ ቆርቆሮ ሆና ትቀር ነበር» አለ አምሳሉ።

«ድምፅ ባልሰጣት፣ አባባ፣ ይሰሟት ነበር?» አለች ረድኤት።

አቶ ተካልኝ የሦስቱንም ፊት ተራ በተራ አዩ፤ ማንኛቸውም አልዋሹም። ባቡሯን ከጭናቸው አንሥተው እጃቸውን ወደ ልጆቻቸው ዘረጉ፤ እጃቸው ግን በአየር ላይ ቀረ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ባቡሮቹ ለማን ይገባሉ? ላገኘቻት፣ ለለያት ወይስ ድምፅ ለሰጠቻት?