አያ ጅቦና እመት አህዪት የታገሉበት ሜዳ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሣሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ ከወንዝ ማዶ ባለ ሜዳ ላይ አራዊቱ ሁሉ ፀሐይ ስትበርድ እየወጡ ትግል ይጫወቱ ነበር። ጠብ እንዳይመስላችሁ፤ ጨዋታ ነው። ከርከሮ ከሚዳቋ፣ ጦጢት ከጃርት ጋር (ምስኪን ጦጢት!)፣ ያገኘ ካገኘው ይተናነቃል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል። ከሁሉም ግን ጉድ የሚያሰኙት አያ ጅቦና እመት አህዪት ነበሩ።

አዎ፣ ጅብና አህያ! ጅብ አህያን ሲያይ ምን እንደሚያምረው የማያውቅ የለም። አልደብቃችሁም፣ አያ ጅቦም አንዳንድ ቀን አንገቷን አቅፎ ሲታገላት ምራቁን ዋጥ ያደርግ ነበር። ሜዳው ግን ወግ ነበረው። ማንም ከመታገሉ በፊት ወደ ትልቁ ዋርካ ሄዶ መሣሪያውን ያስቀምጣል። ጅቦ ግንዱን በአፍንጫው ነካ አድርጎ፣ «ጥርሴን እዚህ አኑሬያለሁ» ይላል። አህዪት ደግሞ በኋላ እግሯ ግንዱን ቀስ ብላ መታ አድርጋ፣ «እርግጫዬን እዚህ አኑሬያለሁ» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ጥርስም እርግጫም እንደሌለ ይቆጠራል።

ደግሞም የጣለ፣ የጣለውን ያነሣል። አንሥቶ አቧራውን ያራግፍለታል፤ በምን ብልሃት እንደጣለውም ሳይደብቅ ይነግረዋል።

«የወደቅኸው ቀኝ እግርህን አርቀህ ስለተከልህ ነው፤ ነገ እንዳትደግመው» ትለዋለች አህዪት፣ ጀርባውን በጭራዋ እያራገፈች።

«ከነገርሽኝማ ነገ በምን ልትጥይኝ ነው?»

«ሌላ እፈልጋለኋ! ምን ሥራ አለኝና!»

ጅቦም ይስቃል። የጅብ ሳቅ ታውቁ የለ? በሌላ ቦታ ሲሰማ እናት ልጆቿን ሰብስባ በሯን የምትቀረቅርበት ሳቅ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ግን እሱ ሲስቅ ሁሉም አብሮ ይስቃል። አያ ጅቦ ከሆዱ ቀጥሎ በዚህ ዓለም የሚወደው ነገር ቢኖር ያን ሰዓት ነበር። እሱን አይቶ የማይሸሽ ፍጡር ያለው እዚያ ብቻ ነዋ።

እንዲህ ሲኖሩ አንድ ቀን አያ ቀበሮ ጭራውን እየነሰነሰ መጣ። ቀበሮ ያለ ነገር አይመጣም።

«ስሙ!» አለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ። «አደይ ሲያብብ ጌታችን አንበሳ ትግላችሁን ሊያዩ ነው። ሁሉን የጣለ ይሸለማል። ሣር ለሚበላ አንድ ክምር ገብስ፤ ሥጋ ለሚበላ የበሬ ሻኛ!»

ሻኛ የሚለውን ቃል ሲሰማ አያ ጅቦ ጆሮውን አቆመ።

«ሙሉውን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ሙሉውን።»

«ከነጮማው?»

«አያ ጅቦ፣ ጮማ የሌለው ሻኛ አይተህ ታውቃለህ?»

የጅብ ሆድ ካገር ይሰፋል። ቀበሮ ይህን ስለሚያውቅ ጅቦን ወደ ጥግ ወስዶ፣ «እኔ አሠለጥንሃለሁ። ለራሴ ምንም አልፈልግም፤ ለወዳጅነታችን ብዬ ነው» አለው። ጅቦም ከልቡ አመነው። ምን ታደርጉታላችሁ፣ ጅብ ነው።

ቀበሮ ከአንድ ጉቶ ፊት አቆመውና ያንኑ አንድ ጠረባ፣ እግር መትቶ መጣሉን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ያስደጋግመው ጀመር። ጅቦ መጀመሪያ ቀን ጉቶውን ስቶ በአፍጢሙ ሲደፋ ሳቁ መጣና ተንከተከተ።

«ዝም በል!» አለ ቀበሮ። «የሚስቅ ጡንቻው ይላላል። ደግሞ ብልሃትህን ለዚያች አህያ እንዳትነግራት።»

«ብትጠይቀኝስ?»

«ጠላትህ ናት እኮ! ለጠላት ማን ይነግራል? እንዲያውም እስከ ውድድሩ ድረስ ምግብ ተው። የራበው ይበረታል።»

«ምግብ ተው?» ብሎ ጅቦ ሊያለቅስ ደረሰ። ግን ሻኛው ትዝ አለውና እሺ አለ።

አመሻሽ ላይ እመት አህዪት እንደ ልማዷ መጣች። «አያ ጅቦ፣ ና እንጂ! ዛሬ አዲስ ነገር ይዤልሃለሁ።»

«ሥራ ላይ ነኝ» አላት ዞርም ሳይል።

«ከጉቶ ጋር?»

«ከጉቶ ጋር።»

«እሱ መልሶ አይጥልህ፣ ምን ይጥምሃል?» አለች። ትንሽ ጠበቀችውና ሄደች። ጅቦ ቀና ብሎ ሊጠራት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ቀበሮ አየውና መልሶ ዘጋው።

ሌሎቹም እንደዚያው ሆኑ። ከርከሮ ብልሃቱን እንዳያዩበት ከቁጥቋጦ ኋላ ተደብቆ መለማመድ ያዘ። ሚዳቋ «እኔ ለማሸነፍ አልሆንም» ብላ ከሜዳው ቀረች። የቀሩትም ሲታገሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው፤ የወደቀውን የሚያነሣ ጠፋ፤ የወደቀም እንዲያነሡት አይፈልግ። ከዚያ ሜዳ ሳቅ ጠፋ።

አደይ አበበ፤ ቀኑ ደረሰ። አንበሳ ከፍ ካለ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ አዛጋ፤ ሲያዛጋ እንኳ ስንቱ ደነገጠ መሰላችሁ። አንዱ አንዱን እየጣለ፣ በመጨረሻ ማንና ማን ቢቀሩ ጥሩ ነው? አያ ጅቦና እመት አህዪት።

አህዪት ወደ ዋርካው ማምራት ስትጀምር ቀበሮ ከፊቷ ቆመ። «የዋርካው ጣጣ ዛሬ ይቅር። ጌታችን አይጠብቁም!» አላት። ቀጥሎም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ሲጾም እንደ ሰነበተ ሰምተሻል አይደል? ቀድመሽ ካልረገጥሽው ወዮልሽ» ብሎ አንሾካሾከላት። ከእሷ ወደ ጅቦ ሄዶ ደግሞ፣ «ልትረግጥህ ነው፤ እኔ ነግሬሃለሁ» አለው።

ሁለቱ ተያያዙ። ጅቦ አንገቷን ሲያቅፍ ስትንቀጠቀጥ ተሰማው። አህዪት በእሱ እጅ ተንቀጥቅጣ አታውቅም ነበር። «ምን ሆነሽ ነው?» ሊላት ሲል እርግጫዋ ጎኑ ላይ አረፈ። የሰነበተው ረሃብ፣ ሕመሙ፣ የቀበሮ ቃል፣ ሁሉም ባንድ ላይ ተነሡና ጆሮዋን ቀጨም አደረጋት። አህዪት ጮኸች። እሱም ያንን የተለማመደውን ጠረባ መትቶ ጣላት።

አንበሳ አገሳ። «አያ ጅቦ አሸነፈ!» ብሎ ቀበሮ ዘለለ።

ማንም አላጨበጨበም። አህዪት ራሷ ተነሣች፤ አቧራዋን ያራገፈላትም የለም። የጆሮዋ ጫፍ ተቆርጦ ደሙ በጉንጯ ይወርዳል። ጅቦን አየችውና፣ «በል እንግዲህ፣ ሻኛህን ብላ» አለችው። እያነከሰች ሄደች።

ሻኛው መጣ። ቀበሮ «የአሠልጣኝ ድርሻ» ብሎ ጮማውን ወሰደ፤ «የምክር ድርሻ» ብሎ ሥጋውን ወሰደ። ለጅቦ ጅማቷ ቀረችለት። ጣፈጠችው፤ አልዋሻችሁም፣ ጅብ ነውና ጣፈጠችው። ግን ገና ሳይቀመጥ አለቀች።

በማግስቱ ፀሐይ ስትበርድ አያ ጅቦ ወደ ሜዳው ሮጠ። ማንም የለም። «እሜቴ!» ብሎ ተጣራ። «ከርከሮ! ጦጢት!» ወፍ እንኳ አልመለሰለትም። ቢቸግረው ከጉቶው ጋር ታገለ። ጉቶውን ስቶ በአፍጢሙ ተደፋና እንደ ዱሮው ሳቁ አመለጠው። ብቻውን ሲስቅ የገዛ ሳቁ አስፈራው። ከዚያ አለቀሰ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ?

ሲነጋ አህዪትን ፍለጋ ሄደ። ከቋጥኞች መካከል ጠባብ ቦታ ላይ ቆማ አገኛት። ስታየው ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ምነው፣ ሌላኛው ጆሮዬም አማረህ?»

«ኧረ በፍጹም፣ እሜቴ!»

«ታዲያ ምን ልትሆን መጣህ?»

መንገዱን ሙሉ ሲያጠናው የመጣ ንግግር ነበረው፤ ሁሉም ጠፋበት። «ልትጥይኝ» አላት።

«ምን አልከኝ?»

«እንድትጥይኝ ነው የመጣሁት። ከሄድሽ ወዲህ ማንም አልጣለኝም።»

አህዪት ሳቋ ሊመጣ ሲል ዋጠችው። «እፈራሃለሁ፣ አያ ጅቦ» አለች። «ዱሮ አንገቴን አቅፈኸኝ እንኳ አልፈራህም ነበር። አሁን ድምፅህን ስሰማ እግሬ ይከዳኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

«እኔም አልረሳሁት። ወዳጄን ነው የነከስኩት። ይቅር በይኝ።»

«ይቅርስ ብዬሃለሁ። ፍርሃቱ ነው እምቢ ያለኝ» አለች፤ ዐይኗም እንባ አቀረረ። ጅቦ ቀስ ብሎ፣ እንዳያስደነግጣት በሩቁ ዞሮ ሄደ።

ለፍርሃቷ መድኃኒት ሊያስብ ሞከረ። ጅብ ሲያስብ ራሱን ያመዋል፤ እሱንም አመመው። በመጨረሻ ያገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፀሐይ ስትበርድ ወደ ሜዳው ይሄዳል፣ ዋርካውን በአፍንጫው ነካ አድርጎ ጥርሱን ያስቀምጣል፣ ከዚያ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ በጀርባው ይተኛል። እስኪጨልም እንዲያ ይቆያል። ጦጢት ከዛፍ ላይ ሆና «ይኼ ሰውዬ ለየለት!» ትላለች። እሱ አይሰማትም። በበነጋው ደግሞ ይመጣል። ዝናብ የጣለ ቀን እንኳ ውኃው በአፉ እየገባ ተኝቶ ታየ።

አንድ ቀን እንደዚያው ተኝቶ ሳለ ሣሩ ኮሽ አለ። አንዲት ጆሮዋ የተቆረጠች አህያ ከላዩ ቆማ ቁልቁል ታየዋለች።

«አሁን አንተን ማን ጣለህ?» አለችው።

«ማንም» አለ ሳይንቀሳቀስ። «አንቺ እስክትመጪ ጀምሬ ልቆይ ብዬ ነው።»

አህዪት እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም። ሣሩ ላይ እስክትንበረከክ ሳቀች። ጅቦም ቀስ ብሎ፣ ፈራ ተባ እያለ፣ አብሯት ሳቀ። እግሯ ዛሬም እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ እሱም አይቶታል። ሆኖም ወደ ዋርካው ሄዳ እርግጫዋን አኖረችና ተመልሳ፣ «ተነሥ! የወደቀ ልጥል አልመጣሁም» አለችው። ሳቁን ሰምተው ከርከሮም መጣ፣ ጦጢትም ወረደች፣ የቀረችው ሚዳቋ እንኳ ከጫካው አንገቷን ብቅ አደረገች።

ዓመቱ ዞሮ አደይ ሲያብብ አያ ቀበሮ ያው መጣ። «አያ ጅቦ፣ ሻኛ አለ! አሠለጥንሃለሁ።»

«እመጣለሁ» አለ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ፤ ሆዱ መቼ ተለወጠ! «አሠልጣኝ ግን አለችኝ።»

እሱና አህዪት ከዱሮው የበለጠ ተለማመዱ፤ አንዱ ያወቀውን ለሌላው እየነገረ። ውድድሩም ዘንድሮ ከዋርካው ሥር ጀመረ፤ ቀበሮ «ጌታችን አይጠብቁም» ቢልም አንበሳ ራሱ «እጠብቃለሁ» አለ። መጨረሻ ላይ እንደገና ሁለቱ ቀሩ። ማንም ለማንም አልራራም። ጅቦ ሻኛውን ከልቡ ፈልጓል፤ አህዪትም ገብሱን። ጅቦ ሁለት ጊዜ ሊጥላት ደርሶ አመለጠችው። ከዚያ አህዪት ጅቦ አይቷት የማያውቀውን አንዲት ጠረባ መታችውና በጀርባው ዘረጋችው።

አንበሳ አገሳ። ገብሱ የእሷ ሆነ፤ ሻኛውም ጅቦ ዐይኑ እያየ ወደ መጣበት ተመለሰ። ጅቦ ግን መሬት ላይ ተንጋሎ፣ እንባው እስኪወርድ ይንከተከታል።

ቀበሮ በንዴት ከራስጌው ቆመ። «አንተ ደደብ! ተሸነፍክ እኮ! ሻኛህ ሄደ፤ ምኑ ነው የሚያስቅህ?»

«አላየህም እንዴ እንዴት አድርጋ እንደጣለችኝ?» አለ ጅቦ። «ደግሞ ነገም እኮ ትመጣለች!»

ከዚህ የምንማረው ለማሸነፍ ከልብ መታገል መልካም ቢሆንም፣ የሚታገለንን ወዳጅ እንደ ጠላት ከቆጠርነው ሽልማቱን ብንወስድ እንኳ ነገ አብሮን የሚጫወት እንደምናጣ ነው።