የጅግራዋ አጅር

ተረት ተረት። «የላም በረት» የሚለኝ ካለ ልቀጥል።

በመስጊድ ጉልላት ላይ የሚኖር አንድ ኩሩ እርግብ ነበር። እናቱ አርጅታ መብረር ሲያቅታት፣ ያረጁ ወፎችን ወደምትጦር ጅግራ ወስዶ አስቀመጣት። በየጁምዓው ማሽላ እየላከላት ዓመት ሞላ። ሐጅ ሊሄድ ሲነሳ ግን የእናት ዱዓ አስፈለገውና ራሱ መጣ።

«እማዬ፣ መንገደኛ ነኝ፤ ዱዓ አድርጊልኝ። አብሮኝ የሚሄደው መንጋ እየጠበቀኝ ነው» አላት።

እናት የሳሱ ክንፎቿን ዘረጋች። «ያ ረቢ! ክረምቱን ክንፏን ያለበሰችኝን፣»

«አሚን!» አለ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ።

«ምንቃሬ ሲደክም ፈጭታ ያጎረሰችኝን፣»

«አሚን!»

«ይህችን ጅግራ ጀነት አስገባልኝ።»

እርግቡ ዓይኑን ገለጠ። «የእኔስ ዱዓ፣ እማዬ?»

«አንተንማ አፉ ብዬሃለሁ፣ ልጄ። ለዱዓው ግን ምን ብዬ ልጀምር? እስቲ ንገረኝ።»

እርግቡ ወደ ጅግራዋ ዞረ።

ጅግራዋ ከት ብላ ሳቀች። «ማሽላህ ደርሶናል። እናትህን የመጦርን አጅር፣ ምንዳውን ግን ዓመቱን ሙሉ ከአላህ ዘንድ የማከማቸው እኔ ነኝ። ሂድ ወንድሜ፣ አታበላሽብኝ።»

መንጋው ተነስቶ በላያቸው አለፈ። እርግቡ ቀና ብሎ እስኪርቅ አየው። ከዚያ ክንፉን መሬት ድረስ ዝቅ አደረገና «ጀርባዬ ላይ ውጪ፣ እማዬ» አለ። አዝሏትም በእግሩ ወደ መስጊዱ ግቢ መንገድ ጀመረ።

«ሌባ!» ብላ ጮኸች ጅግራዋ ከኋላው፣ እየሳቀች። «አጅሬን ተሸክሞብኝ ሄደ!»

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ራሴ አብሳለሁ።